ከአምስተኛው መልስ በኋላ

እኛ ከተማ ቸኩላችሁ ከመጣችሁ መጀመሪያ የሚጠፋባችሁ ችኮላችሁ ነው። ነገሌ ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ ሳሙና ፈለጋችሁ እንበል። ሌላ ቦታ ቢሆን «ሳሙና አለ?» «አለ» ተባብላችሁ ትወጣላችሁ። እኛ ዘንድ ግን ከሳሙናው በፊት ሰውየው አለ። እንዴት እንዳደረ ይጠየቃል። ቤተሰቡ ይጠየቃል። ከብቱ ይጠየቃል፤ ከብት ባይኖረውም ይጠየቃል፣ መዝለሉ «አንተማ ምን አለህ» እንዳይመስል። ከዚያ ዝናቡ አለ። ዘንቦ ከሆነ መዝነቡ፣ ካልዘነበም አለመዝነቡ። እናንተ ስትጨርሱ ደግሞ እሱ በተራው ይጀምራል። ሁሉንም ጠቅልሎ «ደህና ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም አልልም። ይቻላል። ሳሙናውን ሲያቀብላችሁ ግን ፊቱን አለማየት ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ሊጠይቀን መጥቶ፣ ሱቅ አብሮኝ ገብቶ ሰዓቱን ሲመለከት ቆየ። ሳሙናው በአሥራ አንድ ደቂቃ ተገዛ። «አሁን ይሄ ጊዜ ማባከን አይደለም?» አለኝ። ዝም አልኩ። ጥሩ መልስ አጥቼ አይደለም፤ መልሱ የመጣልኝ ከሦስት ቀን በኋላ ስለሆነ ነው። ያን ጊዜ እሱ አውቶቡስ ላይ ነበር። የኔ ነገር እንዲህ ነው። ሰው ፊት ስቀመጥ ቃል ሁሉ ጥሎኝ ይሸሻል፣ ሰውየው ሲሄድ ተሰብስቦ ይመጣል።

ለዚህ ይመስለኛል መጻፍ የምወደው። ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል እንሰበሰባለን። አራት ሰዎችና አራት ኮምፒዩተሮች ነን፤ አንዱ ኮምፒዩተር ሲታመም አንዱ ሰው ሻይ ይጠጣል። ማንም ሰው የሚጽፍበት፣ ማንም ሰው የሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት አለ። የአማርኛው ክፍል ገና ብዙ ባዶ ቦታ አለው። እኛ እዚያ ላይ ስለ አካባቢያችን እንጽፋለን። ደመወዝ የለውም፣ አለቃም የለውም። አለቃ ባይኖረውም ሲስተር ማርታ አሉ።

ሲስተር ማርታ የክሊኒክ ነርስ ናቸው። ቡድኑን የሰበሰቡት እሳቸው ናቸው። ስለ ወባና ስለ ሕፃናት ክትባት ይጽፋሉ፤ ሲጽፉም መርፌ እንደሚወጉት ነው፣ ሳታስቡት አልቋል። ከእሳቸው ቀጥሎ ጋሽ ታደሰ ይቀመጣሉ። በወጣትነታቸው ለሁለት ዓመት ብቻ ተብለው ከሰሜን በጂኦግራፊ መምህርነት ተመድበው መጡ። ጡረታ ወጡ፣ ልጆች ዳሩ፣ ሁለቱ ዓመት ግን እስካሁን አላለቀላቸውም። በሌላው ግድግዳ በኩል ኦቦ ጉዮ አሉ። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆነው የሊበንን ገጠር በእግርና በጭነት መኪና ሲዞሩ ኖረዋል። የሰው ስም ይጠፋባቸዋል፣ የላም መልክ ግን አይጠፋባቸውም። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን አየት አድርገውኝ «አንቺ የዚያች የዳልቻዋ ላም ባለቤት የልጅ ልጅ ነሽ» አሉኝ። ነኝ።

አራተኛዋ እኔ ነኝ፣ ሲፈን። አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ሌሎቹ የጻፉትን አነባለሁ፣ ነጥብ የጎደለበት ቦታ ነጥብ አደርጋለሁ። ማንም «ለምን አትናገሪም?» ብሎ የማይጠይቀኝ ቦታ ያ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ።

ኦቦ ጉዮ ስለ ቦረና ከብት አንድ ጽሑፍ ጻፉ። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ ግን መሃሉ ላይ ከብት በመልኩ የሚጠራባቸውን አርባ ስሞች ደርድረውበት ነበር። ለሁለት ወር ያህል ሲያስታውሱ፣ ሲጨምሩ፣ ገበያ ሄደው ሲያረጋግጡ ነው የጻፏቸው። ጋሽ ታደሰ አንድ ማክሰኞ ቀደም ብለው መጡና ጽሑፉን ሲያርሙ፣ አርባውን ስም ሦስት አደረጉት። ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ከሥሩም «አላስፈላጊ ዝርዝር ታርሟል» ብለው ጻፉ። ክፋት አልነበረባቸውም። መምህር ናቸው፤ የሰው ጽሑፍ ሲያዩ እጃቸው ላይ ቀይ እስክሪብቶ ያለ ይመስላቸዋል።

ኦቦ ጉዮ መጥተው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ ለሲስተር ማርታ፣ ክፍሉ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ይህ ሰው ሠላሳ ሰባት ከብት ገደለብኝ» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ወንበሮቻቸው ጀርባ ለጀርባ ናቸው፣ በመካከላቸው አንድ ሰው በጎን ካልሆነ አያልፍም። መልእክት ያለው ግን በኔ በኩል ይልካል። «ልጄ፣ ለኦቦ ጉዮ የጻፉት ቁጥር ምንጭ እንደሚያስፈልገው ንገሪልኝ።» እዞራለሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ኦቦ ጉዮ፣ «ሰምቻለሁ በያቸው» ይላሉ። እንደገና እዞራለሁ። ስድስት ወር እንዲህ ስዞር ቆየሁ።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ከብቶቹ አልሞቱም ነበር። በዚያ መዝገብ ላይ የሚሰረዝ ነገር የለም። እያንዳንዱ ገጽ «የቀድሞ ቅጂዎች» የምትል ቁልፍ አለችው፤ እሷን ከተጫናችሁ ከታረመው በፊት የነበረው ሁሉ እንዳለ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። እኔ አውቅ ነበር። አንድ ጊዜ በስህተት አንድ ሙሉ ገጽ አጥፍቼ፣ ልቤ ሊቆም ሲል ያገኘኋት ቁልፍ ናት። ጋሽ ታደሰም ያውቃሉ። የማያውቁት ኦቦ ጉዮ ብቻ ነበሩ፤ ጋሽ ታደሰ ደግሞ እሳቸውም የሚያውቁ ይመስላቸዋል።

ለምን አልነገርሻቸውም ትሉኝ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲቆጡ መሃል መግባት ፈራሁ። በሁለተኛው ሳምንት ይበርድላቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። በሦስተኛው ወር ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ብናገር «እስካሁን የት ነበርሽ?» የሚል ጥያቄ አብሮ መጣ። ትንሽ ነገር ነበረች። ባልተናገርኳት ቁጥር እያደገች፣ ከኔ በላይ ሆነች።

በዚህ መሃል ነው ደብዳቤው የመጣው። መዝገቡ አዲስ የመወያያ ፕሮግራም ሊገባለት ስለሆነ፣ በየቦታው ያሉ ቡድኖች ለሁለት ሳምንት እንዲሞክሩት ይለምናል። ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሰዎች የት እንደሚኖሩ አላውቅም፣ ደብዳቤያቸው ግን ጨዋ ነበር። አዲስ ፕሮግራም ማስፈለጉም እውነት ነው። እስከዚያ ድረስ የምንወያይበት ገጽ አንድ ረጅም ባዶ ወረቀት ማለት ነው፤ የፈለገ ሰው የፈለገበት ቦታ ይጽፋል። ኦቦ ጉዮ አንዴ ሳያውቁ በሲስተር ማርታ ዓረፍተ ነገር መሃል ገብተው ስለጻፉ፣ የወባ ትንኝን ጧት በማለዳ ጥሩ ሣር ወዳለበት መንዳት እንደሚገባ የሚገልጽ ምክር ለሁለት ቀን ያህል ተለጥፎ ነበር። በአዲሱ ፕሮግራም ግን የእያንዳንዱ ሰው ንግግር በየራሱ ሣጥን ይቀመጣል። ከሥሩ «መልስ» የምትል ቁልፍ አለች። መልስ ሲመጣላችሁ ከላይ ቀይ ደወል ትበራለች። መልሱ ደግሞ ከተመለሰለት ሣጥን ሥር፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ገባ ብሎ ይቀመጣል፣ ማን ለማን እንደመለሰ እንዲታወቅ።

ሲስተር ማርታ በጣም ደስ አላቸው። ኦቦ ጉዮ ደስ አላላቸውም። «ስሜን ጽፈሻል፣ ቃሌን አላጥፍም። ሙከራውን እጨርሳለሁ» አሏቸው። «ከዚያ በኋላ ግን አትጠብቁኝ። ሊበን ከብቶቼ ዘንድ እቀመጣለሁ። እዚያ ማንም አያርማቸውም።»

ጋሽ ታደሰ ያልሰሙ መስለው መነጽራቸውን ጠረጉ። ኦቦ ጉዮ ከሄዱ ምን እንደሚቀር እናንተም ትገምታላችሁ፤ ሦስት ሰዎችና አንድ ባዶ ወንበር፣ እኔ ደግሞ በዚያ ወንበር ፊት ለፊት። የሚሄዱት በጋሽ ታደሰ ምክንያት ነው ይባላል። በማን ምክንያት እንደሚሄዱ እኔ አውቃለሁ።

ከደብዳቤው ጋር የሥራ ወረቀት አብሮ ነበር። ሞካሪ አንድ ሁሉንም ይከታተላል፤ ያ ሲስተር ማርታ ናቸው። ሞካሪ ሁለት ውይይት ይከፍትና ለሞካሪ ሦስት አጭር መልእክት ይልካል። ሁለቱ አምስት መልስ እስኪሞላ ይመላለሳሉ። አምስተኛው መልስ እንደተጻፈ ሞካሪ አራት «ውይይቱን ዝጋ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም መጻፍ አይችልም። ቁጥሩን ማሽኑ ራሱ ነው ያደለው። ሁለት ጋሽ ታደሰ። ሦስት ኦቦ ጉዮ። አራት እኔ።

ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። ውጪ ቀይ አቧራ እየነፈሰ ስለነበር በሩን ዘግተናል። ጋሽ ታደሰ ጣቶቻቸውን ቁልፎቹ ላይ አስቀምጠው ብዙ አሰቡ። ወረቀቱ «ማንኛውም አጭር መልእክት» ነው የሚለው። ስለ አየር ንብረት ሊጽፉ ይችሉ ነበር። በመጨረሻ ከሁሉ ያነሰችውንና ለነገር የማታጋልጣቸውን ቃል መረጡ።

«ሰላም።»

ነጥቧን እንኳ አልረሷትም። ከኋላቸው የኦቦ ጉዮ ደወል ቀላች።

«ኢንተላ» አሉኝ ኦቦ ጉዮ፤ ልጅት ማለታቸው ነው፣ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚጠሩኝ። «ይህ ሰው ሰላም ብሎኛል።»

«ወረቀቱ አዟቸው ነው፣ ኦቦ ጉዮ። ሙከራ ነው።»

«ሙከራ መሆኑን አውቃለሁ። ሰላም ብሎኛል ወይስ አላለኝም?»

«ብለዋል።»

«እንግዲያው» አሉና በሁለት ጣት መጻፍ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ነው ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች እኛን አለማወቃቸው የታየው። ሰላምታን አንዲት ትንሽ መልእክት አድርገው ነበር የቆጠሯት። ኦቦ ጉዮ ግን ሰው ሰላም ብሏቸው፣ ጠላታቸውም ቢሆን፣ ግማሹን ይዘው የሚሄዱ ሰው አይደሉም። «ናጋ። አካም?» ብለው መለሱ፤ ሰላም፣ እንዴት ነህ ማለት ነው። ጋሽ ታደሰ «ደህና» አሉ። ኦቦ ጉዮ «ማቲን ናጋ?» ብለው ቤተሰባቸውን ጠየቁ። ጋሽ ታደሰ ይህን ያህል ዘመን ነገሌ ኖረው፣ እዚህ ላይ ዝም ማለት እንደማይቻል ያውቃሉ። «ደህና ናቸው። ያንተስ?» አሉ። አራት መልስ ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ከቁልፎቹ መንኳኳት በቀር ድምፅ የለም። ሁለቱም ጀርባቸውን ተሰጣጥተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ አንዱ የሌላውን ልጆች ደህንነት በኢንተርኔት ይጠይቃል።

አምስተኛው መልስ የኦቦ ጉዮ ነበር። «ናጋ። ትልቋ ልጅህ ወለደች?»

የጋሽ ታደሰ ትልቋ ልጅ ሐዋሳ ነው ያገባችው። ጠቡ ሲነሳ እርጉዝ ነበረች።

ጣቴ «ውይይቱን ዝጋ» ላይ ነበር። ሲስተር ማርታ በጣታቸው አምስት ቆጥረው አሳዩኝና፣ «በይ እንጂ፣ ዝጊው» ብለው አንሾካሾኩ። በሕይወቴ የታዘዝኩትን ሳልሠራ ቀርቼ አላውቅም። መምህር «ተነሺ» ሲል ከሁሉ ቀድሜ የምነሳ ልጅ ነኝ። ግን ጠያቂው ጠይቋል፣ ተጠያቂው አልመለሰም። በሁለት ትልልቅ ሰዎች ሰላምታ መሃል በር እንዴት ይዘጋል? ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ራሱ አጠገቤ ቢኖር እጄን የሚይዘኝ መሰለኝ።

ጣቴን አነሳሁ።

«ሲፈን!» አሉ ሲስተር ማርታ።

«ቆይ» አልኳቸው። ለትልቅ ሰው «ቆይ» ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ይቅር ይበለኝ።

ጋሽ ታደሰ ቆይተው፣ «ወለደች። ወንድ» ብለው ጻፉ። የኦቦ ጉዮ ጣቶች ቆሙ። ከዚያ «መቼ?» አሉ። «ሁለት ወር ሆነው።» ሁለት ወር ሙሉ አንድ ግድግዳና አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው፣ የወዳጃቸው የልጅ ልጅ መወለዱን ኦቦ ጉዮ አልሰሙም። ስሙን ጠየቁ። ማንን እንደሚመስል ጠየቁ። እናቱ ደህና መሆኗን ጠየቁ። እያንዳንዱን ለብቻው፣ በየሣጥኑ፣ ደንቡ እንደሚያዘው። ጋሽ ታደሰም እያንዳንዱን ለብቻው መለሱ፤ በየመልሱ መጨረሻ ያደርጉት የነበረውን ነጥብ ረስተውታል። እኔም ላስተካክልላቸው አልቃጣሁም።

ግን አንድ ነገር መበላሸት ጀምሮ ነበር። እያንዳንዱ መልስ ካለፈው ትንሽ ወደ ቀኝ ገባ ብሎ ነው የሚቀመጠው ብያችኋለሁ። አምስት ጊዜ ብትገቡ ምንም አይደለም። አሥራ አምስት ጊዜ ስትገቡ ግን ያለን አሮጌ ስክሪን ያልቃል። ሣጥኖቹ ወደ ቀኙ ጠርዝ እየተገፉ እየቀጠኑ ሄዱ። መጀመሪያ በአንድ መስመር ሦስት ቃል፣ ከዚያ አንድ ቃል፣ ከዚያ ቃሉ ራሱ መሰበር ጀመረ። ኦቦ ጉዮ «ሆሪን ናጋ?» ብለው ስለ ከብቶች ሲጠይቁ፣ ጥያቄያቸው በየመስመሩ ሁለት ሁለት ፊደል ሆኖ ነበር።

ይህን ጥያቄ ማንም ማለፍ አይችልም፤ ከብት የሌለው ሰውም ቢሆን ይጠየቃል። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ከቁልፎቹ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ከጎን ሆኜ አያቸዋለሁ። ከዚያ መለስ አሉና በፍጥነት ጻፉ፣ ላኩም። የኦቦ ጉዮ ደወል ቀላች።

ኦቦ ጉዮ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። መልሱ በቀኙ ጠርዝ ላይ፣ አንድ አንድ ፊደል እየሆነ፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። በጣታቸው ከላይ ጀምረው ወደ ታች ወረዱ። ተመልሰው ወጡ። እንደገና ወረዱ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጠለቁ። በመጨረሻ ወንበራቸውን አዞሩ። ወንበሩ ሲጮህ ሁላችንም ደነገጥን፤ በስድስት ወር ወደዚያ አቅጣጫ ዞሮ አያውቅም።

«ምንድን ነው የጻፍከው?» አሉ።

ጋሽ ታደሰ ሳይዞሩ፣ «እንደተጻፈው ነው» አሉ።

«አልተጻፈም! ተንጠባጥቧል!»

ጋሽ ታደሰ ዞረው የኦቦ ጉዮን ስክሪን አዩ። እውነትም አይነበብም። ስለዚህ በአፋቸው መናገር ግድ ሆነባቸው። «'ከብት የለኝም' ነው ያልኩት። 'ያንተን ግን ሠላሳ ሰባት ገድለሃል ተብያለሁ።'»

«ታዲያ አልገደልክም?» አሉ ኦቦ ጉዮ። «አርባ ነበሩ፣ ሦስት ቀሩ። ድርቅ እንኳ እንዲህ አያደርግም!»

«ማሳጠር ይባላል ይሄ! ጽሑፍ ይታጠራል!»

«ላም አይታጠርም!»

«ሰውዬ፣ አንባቢ ሁሉ የእንስሳት ሐኪም መሰለህ እንዴ?»

«አንተስ ዓለም ሁሉ የሰባተኛ ክፍል ተማሪህ መሰለህ?»

«ጌታ ሆይ» አሉ ሲስተር ማርታ፣ ተነሱ፣ ተቀመጡ። ኦቦ ጉዮ ግን ዱላቸውን ከግድግዳው አንስተው ነበር። ለመምታት አይደለም፣ ለመሄድ ነው። እንዲያውም ያ ይብሳል።

«አልሞቱም» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ለራሴም በደንብ አልተሰማኝም።

«አልሞቱም!»

ሦስቱም ዞሩ። እንደዚያ ብዙ ዐይን ባንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም። መናገሩ ስላቃተኝ ስክሪኔን ወደነሱ አዞርኩት። የከብቱን ጽሑፍ ከፈትኩ፣ «የቀድሞ ቅጂዎች» የምትለዋን ቁልፍ ተጫንኩ፣ ከጠቡ በፊት ያለውን ቀን መረጥኩ። ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦቃ፣ ማጋላ እያሉ አርባዎቹም ወጡ፣ ኦቦ ጉዮ በደረደሩበት ተራ፣ አንድም ሳይጎድል።

ኦቦ ጉዮ ዱላቸውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው ቆጠሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። መሃል ላይ አንዷ ስም ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ ሰው ያገኙ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁላት፣ ቀጠሉ።

«ይሄንን አታውቅም ነበር?» አሉ ጋሽ ታደሰ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ጉዮ፣ እዚህ እኮ ምንም ነገር አይጠፋም! እያወቅህ የተቀየምከኝ መስሎኝ ነበር።»

«ማን ነግሮኝ ነው የማውቀው?»

ከዚያ ኦቦ ጉዮ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ጋሽ ታደሰም ቀና አሉ። ሁለቱም እኩል ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ልክ የቤት ሥራ እንደረሳ ተማሪ እያዩኝ።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ከዚያ የሆነውን በዝርዝር ባልነግራችሁ ደስ ይለኛል። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይጨርሳል። «ስድስት ወር ሙሉ!» «አፍ የለሽም?» «ቢያንስ ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» «ለኔስ ብትነግሪኝ?» «ልጅ እንዲህ ይሆናል፣ ታደሰ?» «አይሆንም፣ ጉዮ! በኛ ጊዜ እንዲህ ነበር?» «በፍጹም!» ለስድስት ወር ያላወሩትን ያህል በኔ ላይ አወሩ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቁጣውን ተቀበልኩ፤ ጆሮዬ እየጋለ፣ እንባዬ እየመጣ፣ ግን በሆዴ፣ እንዳታቋርጡ፣ አባቶቼ፣ እያልኩ ነበር። ሲስተር ማርታ ሣቃቸውን ለመደበቅ በመጋረጃው ተሸፈኑ፤ መጋረጃው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኦቦ ጉዮ ያን ቀን ሲወጡ ግን ስለ መሄድና ስለ መቅረት አንድም ቃል አልተነፈሱም። ያሉት ቃል የታወቀ ነው። ሙከራው ሲያልቅ አትጠብቁኝ ብለዋል፤ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው ደግሞ አይደሉም።

ሪፖርቱን ሲስተር ማርታ ላኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ መልስ መጣ። ሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ በታዘዙት መሠረት አምስተኛው መልስ ላይ ስለዘጉ፣ ጽሑፉ እንደዚያ እየቀጠነ እንደሚሄድ ያየ ማንም አልነበረም፤ በጣም አመስግነዋል። ከእንግዲህ መልስ ምን ያህል ቢበዛ ከተወሰነ ቦታ በላይ ወደ ቀኝ እንዳይገባ አድርገውታል። ቀጥለው ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ሞካሪ አራት ውይይቱን በተባለችበት ጊዜ ያልዘጋችው ለምንድን ነው? ሲስተር ማርታ ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። አንድ ከሰዓት ሙሉ አሰብኩበት። «ሰላምታው ስላላለቀ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ምን እንደተረዱ አላውቅም። «ተመዝግቧል» የሚል መልስ ላኩ።

ሁለቱ ሳምንት አለቀ። በማግስቱ ማክሰኞ ወደ ክፍሉ የሄድኩት እግሬን እየጎተትኩ ነው። ጋሽ ታደሰ ከኔ በፊት መጥተዋል። ኮምፒዩተራቸውን አልከፈቱም፣ በሩን ነው የሚያዩት። ሲስተር ማርታ ስለ ኩፍኝ መጻፍ ጀምረው ነበር፣ ቁልፎቹ ግን እንደወትሮው አይፈጥኑም። የኦቦ ጉዮ ወንበር ባዶ ነው።

ዘግይተው መጡ። እግራቸው የሊበንን አቧራ ለብሷል። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «አልቆይም» አሉ። «መኪናው እየጠበቀኝ ነው። ያንን የተጻጻፍነውን አንዴ ላየው ብዬ ነው። የልጁን ስም ለባለቤቴ ብነግራት፣ ማንን ይመስላል አለችኝ፤ ጠፋብኝ።»

የመወያያውን ገጽ ከፈትኩላቸው። ባዶ ነበር። ነጭ ገጽ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ቀርታለች፤ የሙከራ መልእክቶች ሁሉ ሙከራው ሲያበቃ ተጠርገዋል ትላለች። ወረቀቱም ላይ ተጽፎ ነበር፤ ማንም አላስተዋለውም።

«የቀድሞው ቅጂስ?» አሉ ኦቦ ጉዮ። አሁን ያውቃሉ።

«የሙከራ ገጽ የቀድሞ ቅጂ የለውም፣ ኦቦ ጉዮ።» ይህን ጊዜ ወዲያው ነገርኳቸው።

«ሰላምታው ሁሉ ጠፍቷል?»

«ሁሉም።»

«ልጁ መወለዱም?»

«እሱም።»

ባዶውን ገጽ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከውጪ የጭነት መኪናው ጥሩንባ ነፋ። አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ።

«ታዲያ ሙከራው የታለ?» አሉ በመጨረሻ። «ያልነው ነገር ከሌለ ሙከራም አላደረግንም። ያልተጀመረ ነገር ደግሞ አያልቅም።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረው፣ «ሂድ! በነገው መኪና እመጣለሁ!» ብለው በኦሮምኛ ጮኹ። መኪናው ሲሄድ ተሰማ።

ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ወንበራቸውን ከጠረጴዛው አላቀው ወደ ጋሽ ታደሰ አዞሩትና ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ።

«አካም፣ ታደሰ?»

«ናጋ፣ ጉዮ።»

ቤተሰቡ ተጠየቀ። ሐዋሳ ያለችው ልጅ ተጠየቀች። ሕፃኑ ከነስሙ፣ ከነአፍንጫው፣ ከነእንቅልፉ ተጠየቀ፤ የአባቱን ወገን መምሰሉ ታወቀ። ሲስተር ማርታ ኩፍኙን ትተው ወንበራቸውን አስጠጉ። ከብቱ ጋ ሲደረስ ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ከብቶቹ ሁሉ ደህና ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ ምን እንደሚመስል አጠገቡ ይጻፍ፣ ከእንግዲህ እኔ ካልገባኝ አላሳልፍም» አሉ። ኦቦ ጉዮም ከቡሬ ጀመሩ። እኔ የሚሉትን ለመጻፍ ወረቀት ሳወጣ፣ ኦቦ ጉዮ በዱላቸው ጫፍ ወንበሬን ነካ አድርገው፣ «አንቺ ኢንተላ፣ ኋላ ትጽፊዋለሽ፤ የእናትሽስ ጤና?» አሉኝ። መለስኩ። በተራዬም ጠየቅሁ።

ዝናቡ ጋ ስንደርስ፣ የተከፈቱት ኮምፒዩተሮች ጠብቀው ጠብቀው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።